የአባትዎ ካሴቶች፦ አሁን ይትረፉ፣ መስማቱ ይቆያል

ጥያቄ፦ «አባታችን ካረፈ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። እኔ የምኖረው አሜሪካ ሲሆን ለለቅሶው መጥቼ ነው። እናቴ እህቴ ጋ ልትኖር ስለሆነ ቤቱን ባዶ ማድረግ አለብን። ቁም ሳጥኑ ውስጥ ሁለት ሻንጣ ካሴት፣ አንድ ካርቶን ሸክላ፣ የአባቴ የድሮ ቴፕም ተገኘ። ዕቃ ስናነሳ ወንድሜ ቴፑ ውስጥ የነበረውን ካሴት ቢከፍተው እናቴ ራሷን እስክትስት አለቀሰች። ጎረቤትም «አርባው ሳይወጣ ዘፈን?» ብሎ ተቆጣን። አክስቴ «ለቆራሌው ስጡት» ትላለች። አንዱ ካሴት ላይ በአባቴ እጅ ጽሑፍ የእናቴ ስም አለበት። እኔ ልመለስ የቀረኝ ሁለት ሳምንት ነው። ምን እናድርግ? መስማቱስ ነውር ነው?»

ምላሽ፦

እግዚአብሔር ያጽናችሁ፤ የአባታችሁንም ነፍስ በአጸደ ገነት ያኑርልን።

ሥራዬ አሮጌ ካሴትና ሸክላ ወደ ኮምፒውተር መገልበጥ ነው። እንደ እናንተ ሻንጣ ተሸክሞ የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከለቅሶ ቤት የመጣ ነው። ስለዚህ ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልንገርዎ፦ ጥያቄዎ ውስጥ ሁለት ሥራ ተደባልቋል። አንዱ ድምፁን ማትረፍ ነው፣ ሌላው ድምፁን መስማት። ማትረፉ በቀረችው ሁለት ሳምንት መጀመር አለበት። መስማቱን ግን የሚያስቸኩል ነገር የለም። አርባው ይውጣ፣ ሰማንያው ይውጣ፣ ካስፈለገም ሙት ዓመቱ ይድረስ። ወንድምዎ ቴፑን ሲከፍት ሁለቱም ሥራ ባንድ ጊዜ መጣ፤ እናትዎም ሳያስቡት ደረሰባቸው።

ካሴት ለመገልበጥ ቤት ውስጥ ምንም ድምፅ መሰማት የለበትም። ከቴፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ በገመድ ወደ ኮምፒውተር ይገባል፤ የኮምፒውተሩ ድምፅ ይዘጋል፤ እናንተ የምታዩት ስክሪኑ ላይ ከፍ ዝቅ የሚለውን መስመር ብቻ ነው። መስመሩ ከተንቀሳቀሰ እየተቀዳ ነው፣ ጣሪያውን ከነካ ድምፁን ቀንሱት፣ ቀጥ ካለ ካሴቱ አልቋል ወይም ገመዱ ወጥቷል። አርባው ሳይወጣ፣ ጎረቤት ሳይሰማ፣ እናትዎም ሳይታወኩ ሻንጣው ሙሉ ሊገለበጥ ይችላል።

ጎረቤቶቻችሁን አትቀየሟቸው። ሐዘን ቤት ሬዲዮ የሚዘጋው፣ ባለሠርጉ ጎረቤት ሳይቀር ዘፈኑን ዝቅ የሚያደርገው ለሐዘንተኛው ፋታ ለመስጠት ነው። የጊዜው ልክ በየቤቱ ይለያያል፤ ሰልስት ካለፈ የሚበቃው አለ፣ ዓመት የሚጠብቅም አለ። ነውር ይሁን አይሁን የሚለውን ለንስሐ አባታችሁና ለእናታችሁ ልተወው። በሙያዬ ግን ወጉ ጠቃሚ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። በሐዘን ሰሞን የሚሰማ ካሴት በጥድፊያ ይከፈታል፣ ወደፊት ወደኋላ ይጠነጠናል፣ በመጨረሻም ይበጠሳል።

የእናትዎ ነገር እንዳያስደነግጣችሁ ትንሽ ልበል። ሰው ከአሥራዎቹ ዕድሜው ጀምሮ እስከ ሠላሳ ዓመቱ ገደማ የሰማው ዘፈን ከሌላው ጊዜ ሙዚቃ ሁሉ አብልጦ ትዝታ እንደሚቀሰቅስ ተመራማሪዎች ደጋግመው አሳይተዋል። እናትዎ ወጣትነታቸው በ1960ዎቹ ከነበረ ያ ጊዜ የጥላሁን ገሠሠ፣ የብዙነሽ በቀለ፣ የማሕሙድ አሕመድና የአለማየሁ እሸቴ ጊዜ ነው። እርስዎና ወንድምዎ የድሮ ዘፈን ብላችሁ የሰማችሁት ለእሳቸው የሆነ ምሽት፣ የሆነ ቤት፣ ምናልባትም አባትዎ ለመጀመሪያ ጊዜ ያነጋገሯቸው ቀን ሊሆን ይችላል። ፎቶ ቢሆን አልበሙን ይዘጉታል። ዘፈን ግን ከሌላ ክፍል ሆነው እንኳ ይደርስብዎታል፣ የመጀመሪያዎቹ ምቶች ሲሰሙም ሰውየው በሩ ላይ የቆመ ያህል ይሆናል። ማልቀሳቸው ጉዳት አይደለም፤ እርም የሚወጣው በእንባ ነው። የጎደላቸው መቼ እንደሚሰሙ ራሳቸው መወሰን ነበር። እሱን ብቻ መልሱላቸው። ከብዙ ወራት በኋላም እንቅልፍና ምግብ እንደራቃቸው ከቀሩ፣ ከሰውም ከተለዩ፣ ያኔ ሐኪም ማየት አለባቸው። ያ ግን በአንድ ዘፈን ምክንያት የመጣ አይሆንም።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ሻንጣዎቹ ውስጥ ያለው ካሴት እንዴት እንደተቀመጠ፣ ማንም ሳያንቀሳቅሰው በስልክ ፎቶ አንሱት። የትኛው ከፊት እንደነበር፣ የትኛው ከትኛው ጋር በላስቲክ እንደታሰረ አባታችሁ የትኛውን ያዘወትሩ እንደነበር ይናገራል፤ ካርቶን ውስጥ ከገባ በኋላ ይህ መረጃ አይመለስም። ቴፑ ውስጥ የነበረውን ካሴት ወንድምዎ ካወጣው በኋላ ካልጠነጠነው ባለበት ይሁን። አባታችሁ ያቆሙበት ቦታ ከዚያ ብዙም አይርቅም። ባትሪ ካለበት አውጡት፣ አሮጌ ባትሪ ፈሳሽ ያፈስና የውስጡን ብረት ይበላል። እያንዳንዱን የካሴት ቤት ከፍታችሁ ወረቀቱን ገልጣችሁ እዩ። ከወረቀቱ ጀርባ ማስታወሻ፣ ስልክ ቁጥር፣ ተጣጥፎ የገባ ደብዳቤ ይገኛል።

ከዚያ መለየት። ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳው ለታወቁት ዘፋኞች ካሴት ነው፣ በእጅ የተጻፈበትን ደግሞ ባዶ ካሴት መስሎት ይጥለዋል። የሚቀድመው ግን በእጅ የተጻፈው ነው። ገበያ የወጣ ካሴት በሺህ የሚቆጠር ወንድም አለው፤ አንዱ ቢጠፋ ሌላ ቤት ይገኛል። የአምሃ እሸቴ አምሃ ሪከርድስ በ1960ዎቹ ካሳተማቸው ከ100 የሚበልጡ ሸክላዎች ብዙዎቹ፣ ከሌሎች አሳታሚዎች ሥራዎች ጋር፣ በኋላ ፈረንሳይ አገር በፍራንሲስ ፋልሴቶ አዘጋጅነት በተከታታይ ቅጾች እንደገና ወጥተዋል። አባታችሁ ቤት ውስጥ የቀዱት ግን በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው።

ወረቀቱን ብቻ አትመኑ። የካሴቱን ጀርባ፣ ማለትም ክሩ ከሚታይበት በተቃራኒ ያለውን ጠርዝ እዩ። ግራና ቀኝ ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች አሉ። ከሙዚቃ ቤት የተገዛ ካሴት ላይ እነዚህ ቀዳዳዎች ክፍት ናቸው፣ በላዩ እንዳይቀዳበት። ቀዳዳው ላይ ፕላስተር ከተለጠፈ ወይም ጥጥና ወረቀት ከተጠቀጠቀ አንድ ሰው ሆን ብሎ በላዩ ቀድቶበታል። በዚያ ዘመን ባዶ ካሴት ውድ ነበር፤ ልጅ አፍ ሲፈታ፣ ዘመድ ከገጠር ሲመጣ፣ ክርስትና ሲነሳ እጅ ላይ የተገኘው የዘፈን ካሴት ይደፈንና ይቀዳበት ነበር። የታወቀ ዘፋኝ ፎቶ ያለበት ካሴት ግማሽ ላይ ዘፈኑ ተቋርጦ የእርስዎ የሕፃንነት ድምፅ ሊመጣ ይችላል። የተደፈነ ቀዳዳ ያለው ሁሉ ከፊት ይሰለፍ። በተቃራኒው ደግሞ በእጅ የተጻፈበትና ቀዳዳውን የምትሸፍነው ትንሽ ፕላስቲክ ያልተሰበረችበት ካሴት ካለ፣ በስህተት እንዳይቀዳበት ያቺን ትንሽ ፕላስቲክ አሁኑኑ ስበሯት።

ቀጥሎ የሚመጣው ከሬዲዮ የተቀዳው፣ የሠርጉ፣ የማኅበሩ፣ የሰፈሩ አዝማሪ፣ የመዝሙሩና የስብከቱ ካሴት ነው። በመጨረሻ ከሙዚቃ ቤት የተገዛው።

ቅደም ተከተሉን ደጋግሜ የማነሳው በጊዜው ምክንያት ነው። የአንድ ሰዓት ካሴት ለመገልበጥ አንድ ሰዓት ይፈጃል፣ አቋራጭ የለውም። ሁለት ሻንጣ ሙሉ ካሴት ከመቶ ሰዓት ሊያልፍ ይችላል። በሁለት ሳምንት፣ ለቅሶ ደራሽ እየገባ እየወጣ፣ ሁሉንም አትጨርሱም። በእጅ የተጻፉትንና የተደፈኑትን ከጨረሳችሁ ትልቁን ሥራ ሠርታችኋል፤ የቀረው እህትዎ ቤት ቀስ ብሎ ይደርሳል።

ቴፑን ለቆራሌው እንዳትሰጡት። ቤት ውስጥ የተቀዳ ካሴት ከሁሉ አጥርቶ የሚጫወተው በተቀዳበት ቴፕ ላይ ነው። የየቴፑ ሄድ፣ ማለትም ድምፁን ከክሩ የሚያነበው ክፍል፣ በጥቂቱ ዘመም ያለ ነው፤ የተቀዳበትና የሚያጫውተው ሄድ ካልገጠሙ ድምፁ ይታፈናል፣ ሰውየው ከብርድ ልብስ ሥር የሚያወራ ይመስላል። በአባታችሁ ቴፕ የተቀዳ ድምፅ የሚገጥመው ከዚያው ቴፕ ጋር ነው። ነገር ግን ለዓመታት ከቆመ ቴፕ ውስጥ ላስቲኩ ይቀልጣል ወይም ይላላል፣ ሄዱም ይቆሽሻል። ስለዚህ ከእንግዲህ የአባታችሁን ካሴት አታስገቡበት። ቴፕ የሚጠግን ሰው ጋ ወስዳችሁ ላስቲኩን አስቀይሩ፣ ሄዱንና ጎማውን አስጠርጉ፣ ከዚያ በማያሳዝን ካሴት ሞክሩት። ያ ካሴት ፍጥነቱን ጠብቆ ከጀመረ እስከ መጨረሻው ከተጫወተ ሌላው ይግባ። ገበያ ላይ የሚሸጡት ርካሽ፣ ከኮምፒውተር በቀጥታ የሚገናኙ ትንንሽ የካሴት ማጫወቻዎች ፍጥነታቸው ስለማይረጋ ድምፁን ያንቀጠቅጡታል። ለአባት ድምፅ አልመርጣቸውም።

ካሴቱ ራሱ ስስ ነገር ነው። ክሩ ስፋቱ ከ4 ሚሊ ሜትር ያንሳል፣ በሰከንድ ወደ 4.76 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል፣ ባለ 60 ደቂቃው ካሴት ውስጥ ወደ 86 ሜትር ክር አለ። ባለ 120 ደቂቃ ከሆነ ክሩ በጣም የሳሳ ስለሆነ ቴፕ ቶሎ ይበላዋል፤ እሱን ባለሙያ ይንካው። ከማስገባታችሁ በፊት ክሩ በሚታይበት በኩል መሃል ላይ ያለችውን ትንሽ ስፖንጅ እዩ። ከወደቀች ድምፁ ይጠፋል፣ ሰውም ካሴቱ የተበላሸ ይመስለዋል፤ የጎደለው ግን ስፖንጇ ብቻ ነው። ክሩ ከላላ በቢክ እስክሪብቶ ቀስ ብላችሁ አጥብቁት። ክሩ ላይ ነጭ ዱቄት የሚመስል ሻጋታ ካለ አታጫውቱት፣ ለብቻው በወረቀት ጠቅልላችሁ አስቀምጡት፤ ሻጋታ ከአንዱ ካሴት ወደ ቴፑ፣ ከቴፑ ወደ ሌላው ይተላለፋል። የተበጠሰውንም በተራ ፕላስተር አትቀጥሉት፣ ሙጫው ክሩን እርስ በርሱ ያጣብቀዋል። የተበጠሰ ካሴት ድምፁ አልጠፋም፤ በደህና እጅ ይቀጠላል።

ሲቀዳ ከሬዲዮ ጥራት ያላነሰ ቅጂ ያዙ፤ 48 ኪሎ ኸርዝ፣ 24 ቢት፣ በዌቭ ፋይል። አንድ ሰዓት ወደ 1 ጊጋ ባይት ይይዛል፣ ስለዚህ 60 ካሴት ከ128 ጊጋ ሃርድ ዲስክ በታች ነው። አውዳሲቲ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይበቃል። ቴፑ ላይ «ዶልቢ» የሚል የጫጫታ መቀነሻ ቁልፍ ካለ፣ ካሴቱ በዶልቢ ካልተቀዳ በቀር አጥፉት። ድምፁን «ለማጽዳት» አትቸኩሉ። መጀመሪያ የተቀዳው እንዳለ ይቀመጥ፤ የሚጸዳው ከእሱ የተወሰደ ሌላ ቅጂ ይሁን። ማጽጃው ፕሮግራም ከሰው ድምፅ ኋላ ያለውን ሁሉ ጫጫታ ብሎ ይጠርገዋል። በቤተሰብ ካሴት ውስጥ ደግሞ ያ ጫጫታ የቤቱ ድምፅ ነው፤ ጀበናው፣ ዶሮው፣ የሬዲዮው ዜና፣ «እኔም ላውራ» የሚለው ሕፃን። ፋይሉን ስትሰይሙ አባታችሁ የጻፉትን ቃል በቃል ጻፉ፣ ስህተት ቢኖረው እንኳ። የካሴቱን ሁለት ፊት ፎቶ አብራችሁ አስቀምጡ። ሦስት ቅጂ ይኑር፤ አንዱ እህትዎ ጋ፣ አንዱ እርስዎ ጋ፣ አንዱ ኢንተርኔት ላይ። ልጆች በውርስ ካሴት ሲጣሉ አይቻለሁ፣ ቅጂው ለሁሉም ከደረሰ ግን ዋናው ማን ጋ ይቀመጥ የሚለው ብዙም አያጣላም።

የእናታችሁ ስም ያለበትን ካሴት በተመለከተ አጥብቄ የምለው አለኝ። የደብዳቤ ካሴት ሊሆን ይችላል። ስልክ እንደ ልብ ባልነበረበት ዘመን ወደ ሥራ ወይም ወደ ውጭ የሄደ ሰው ካሴት ሞልቶ በመንገደኛ እጅ ይልክ ነበር፤ ከአሜሪካም ወደ አዲስ አበባ፣ ከእስራኤልም ወደ ጎንደር እንዲህ ያለ ካሴት ብዙ መጥቷል። መጀመሪያ የሁሉም ሰላምታ ይመጣል፣ ስም በስም፤ ወሬው ከዚያ በኋላ ነው። አባታችሁ ለሚስታቸው የቀዱት ከሆነ የካሴቱ ባለቤት እናታችሁ ናቸው። ልጆች ቀድማችሁ እንዳትሰሙት። መጀመሪያ ንገሯቸው፤ «አባባ የቀዱልሽ ካሴት ተገኝቷል፣ እንዳይበላሽ እንገልብጠው ወይ?» በሉ። እሺ ካሉ ድምፁን ዘግታችሁ ገልብጡና ዋናውን ካሴትና ቅጂውን እጃቸው ላይ አስረክቡ። መቼ እንደሚሰሙት፣ ከማን ጋር እንደሚሰሙት፣ ለእናንተም ያሰሟችሁ እንደሆነ የእሳቸው ነው። እምቢ ካሉ አትገልብጡት፤ እናታችሁን አስቀይሞ የሚተርፍ ድምፅ አይጥምም።

ከጊዜ በኋላ እሳቸው ራሳቸው እንስማ ያሉ ቀን ስልካችሁን ለመቅጃ አዘጋጁ። ዘፈኑን አይደለም የምትቀዱት፣ እሳቸው ሲሰሙ የሚናገሩትን ነው። «ይሄን የገዛው እንትና ሙዚቃ ቤት ነው፣ ያኔ እኔ እርጉዝ ነበርኩ» የሚለው ቃል የትኛውም ካሴት ላይ የለም። በለቅሶው ላይ ከዘመድ መሃል ሙሾ ያወረደች ካለችና አንድ ሰው በስልኩ ከቀዳት፣ ያንንም ፈልጋችሁ ከእሷ ፈቃድ ጋር ከካሴቶቹ ጋር አስቀምጡት። የአባታችሁን ሕይወት ባጭር ግጥም የምትናገረው እሷ ናትና።

ሸክላዎቹን አትቸኩሉባቸው። ባለ 45ቱ (በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞረው) ሸክላ በፀሐይ ካልጣመመና ካልተጫረ ከካሴት ይልቅ ዕድሜ አለው። ቀጥ አድርጋችሁ አቁሟቸው እንጂ አንዱን በአንዱ ላይ አትደርድሯቸው፣ ከብዛት ከሥር ያሉት ይጎብጣሉ። ባረጀ መርፌ አታጫውቷቸው። የወረቀት ሽፋኑ ቢቀደድም አትጣሉት። አምሃ፣ ካይፋ ወይም ፊሊፕስ የሚል የመጀመሪያ ኅትመት ሰብሳቢዎች በውድ ይፈልጉታል፤ ወሬውን ሰምቶ «ሁሉንም በጅምላ ልውሰድላችሁ» የሚል ሰው ለቅሶው ሳያልቅ ሊመጣ ይችላል። በሐዘን ሳምንት ምንም አትሽጡ። እያንዳንዱን ፎቶ አንስታችሁ፣ ስሙንና ቁጥሩን ጽፋችሁ፣ ከዚያ በኋላ በዝርዝሩ ተነጋገሩ። መሸጥ ኃጢአት አይደለም፣ አባታችሁ ለልጅ ልጅ ትምህርት ቢውል ደስ ይላቸው እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ። የሚያሳዝነኝ ሳያውቁ መሸጥ ነው።

የገለበጣችሁትን የዘፋኞች ካሴት ለራሳችሁ ስሙት እንጂ ዩቲዩብ ላይ አትጫኑት። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ካሴቱን መግዛት የዘፈኑን መብት አይሰጥም። የሰፈር አዝማሪ፣ የገጠር ሠርግ፣ የማኅበር ጨዋታ ከተገኘ ግን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምን ጠይቁ፤ እንዲህ ያለ ቅጂ ለሙዚቃ ጥናት ከታዋቂ ካሴት ይልቅ ሊጠቅም ይችላል።

አክስትዎ እንዳሉት የሚወገድም አይጠፋም። ቀዳዳው ያልተደፈነ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ የተደጋገመ የገበያ ካሴት ለፈለገ ዘመድ ይሰጥ፤ ባዶ የካሴት ቤቶችና የተሰበሩት ይጣሉ። ከመጣላቸው በፊት ግን ወረቀቱን አውጡ።

እርስዎ ይዘው የሚሄዱት ካለ በእጅ ሻንጣ ይሁን፣ በጭነት አይሁን። የአውሮፕላን ማረፊያው የራጅ መፈተሻ የካሴት ድምፅ አያጠፋም፤ የሚያጠፋው ማግኔት ነው፣ ስለዚህ ከስፒከርና ከማግኔት መዝጊያ ካለው ቦርሳ ያርቁት። የመኪና ዳሽቦርድ ላይ ፀሐይ ውስጥ እንዳይቀመጥ። የእናትዎን ስም የያዘውን ካሴት ግን አይውሰዱት፣ ከእሳቸው ጋር ይቆይ። እርስዎ የሚሄዱት ቅጂውን ይዘው ነው፣ እሱም እሳቸው ከፈቀዱ።